ልጄ እጁን ይነክሳል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ሕክምና ካላገኘ ጊዜው ያልፍበታል ተባልኩ

ጥያቄ፦ «ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን በ4 ዓመቱ ነው። የሚናገራቸው ቃላት ከአሥር አይበልጡም። ታብሌቱን ስንወስድበት ይጮኻል፣ እጁን ይነክሳል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። አንድ ማዕከል ሄደን በሳምንት 40 ሰዓት የባህሪ ሕክምና ካላገኘ ጊዜው ያልፍበታል አሉን። ለዚያ አቅም የለንም። መጀመሪያ የምናስተወው እጁን ማርገብገቡን ነው ብለውናልም። ባለቤቴ ደግሞ ‹ቅጣት ስላጣ ነው› ይላል። ምን ላድርግ? ለአቅመ አዳም ሲደርስስ እንዴት ልችለው ነው?»

ምላሽ፦ ጊዜው አላለፈበትም። ይህን ያስቀደምኩት፣ ጥያቄዎን ሳነብ ከጩኸቱም ከመንከሱም በላይ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ መስሎ ስለታየኝ ነው። ሰባት ዓመት ገና ነው። የሚፈልጉትን በካርድ መጠየቅ በ9 ዓመታቸው የጀመሩ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው መልበስ በ12 ዓመታቸው የቻሉ ልጆች አብረውኝ ሠርተዋል። ቶሎ መጀመር ጥሩ ነው። ዘግይቶ መጀመር ግን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም።

40 ሰዓት የምትባለዋ ቁጥር ከየት እንደመጣች ልንገርዎ። ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ስትከት አይቻለሁና። በ1987 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኢቫር ሎቫስ የተባለ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ ጥናት አወጣ። ዕድሜያቸው 4 ዓመት ያልሞላ 19 ልጆች ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ፣ በሳምንት 40 ሰዓት ያህል፣ አንድ ለአንድ ተሠራላቸው። ከ19ኙ 9ኙ አንደኛ ክፍልን ከሌሎች ልጆች ጋር ተምረው አለፉ። በአእምሮ ብቃት መለኪያም ለዕድሜያቸው የሚጠበቀውን አገኙ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሁለት ነገር ግን አብሮ አልተወራም። አንደኛ፣ የትኛው ልጅ ብዙ ሰዓት፣ የትኛው ለማወዳደሪያ ጥቂት ሰዓት ብቻ እንደሚሠራለት በዕጣ አልተወሰነም። ስለዚህ የታየውን ለውጥ ሁሉ ለሰዓቱ መስጠት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ያ ሥራ በኃይለኛ ድምፅ መቆጣትና ጭንን በጥፊ መምታትም ነበረበት። ይህን ዛሬ ልጅዎ ላይ እንዲያደርጉ የሚፈቅዱት ሰው ሊኖር አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ2010 ሳሊ ሮጀርስ፣ ጀራልዲን ዶውሰንና ባልደረቦቻቸው ከ18 እስከ 30 ወር ዕድሜ ያላቸውን 48 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍለው አጠኑ። የእነሱ መንገድ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ «ይህን ንካ፣ ያን አንሳ» ማለት አልነበረም። ወለል ላይ ወርዶ፣ ልጁ የመረጠውን አብሮ እየተጫወቱ፣ ቃልና መተያየትን በጨዋታው መሐል ማስገባት ነው። ወላጆችም ተማሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ በቋንቋም በዕለት ተዕለት ሥራም ለውጥ ታየ። በ2021 ደግሞ እነሮጀርስ በሳምንት 15 ሰዓትና 25 ሰዓት የተሰጣቸውን ትንንሽ ልጆች አወዳደሩ። በጥቅሉ ሲታይ ሰዓት መብዛቱ ያመጣው ልዩነት አልነበረም። በ2024 የ144 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያስተያየ ሥራ ወጣ። እሱም ሰዓት በበዛ ቁጥር ውጤት ይበልጣል የሚያስብል ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም።

እንግዲህ ሰዓት ምንም አይደለም አልልዎትም። አንድ ሰዓት ብቻ በቂ ነው ማለቴም አይደለም። ግን «40 ካልሆነ አበቃለት» ያለዎት ሰው ያላወቀውን ነው የተናገረው፤ ወይም ሸጦልዎታል። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ማዕከል ውስጥ የተማረውን ቤት ይዞ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ጠረጴዛ ላይ መቶ ሥዕል የሚለይ፣ ሲጠማው ግን ውሃ መጠየቅ የማይችል ልጅ አይቻለሁ። ያ ልጅ ብዙ ሰዓት ተሠርቶበታል።

አሁን ቤትዎ እንግባ።

ታብሌቱ የሚወሰድባትን ደቂቃ ቀስ ብለን እንያት። ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቪዲዮ ያያል። የሚወደው ቦታ ሊመጣ ነው። ያን ቦታ መቶ ጊዜ አይቶታል፣ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። ድንገት ከጀርባው እጅ መጣና ታብሌቱን አነሳው። «በቃ» ያለ ሰው ነበር፤ ቃሉ ግን እሱ ጋ አልደረሰም። አሁን ይመለስለት፣ ነገ ይመለስለት፣ ለዘላለም ይሂድ አያውቅም። ጮኸ። ዝም አላችሁት። እጁን ነከሰ። አሁንም ጸናችሁ። ራሱን ከግድግዳ አጋጨ። ይህን የሚችል የወላጅ አንጀት የለም። ታብሌቱ ተመለሰ። ቤቱ ጸጥ አለ።

በዚያች ደቂቃ ሁለት ሰው ተምሯል። እሱ፣ ጩኸት እንደማይበቃና ራስን ማጋጨት ግን ታብሌት እንደሚያስመልስ ተማረ። እርስዎ ደግሞ ታብሌት መመለስ ጩኸትና ደም እንደሚያስቆም ተማሩ። ማንም ክፉ ሥራ አልሠራም። ሁለታችሁም በሚሠራው መንገድ ሄዳችሁ።

እኛ በሙያው መነሻ፣ ድርጊት፣ ውጤት እንላቸዋለን። ከድርጊቱ በፊት ምን ሆነ? ድርጊቱ ምን ነበር? ወዲያው ተከትሎ ምን መጣ? የባህሪ ሕክምና የሚባለው ነገር፣ ኤ.ቢ.ኤ. (የተግባራዊ ባህሪ ትንተና የእንግሊዝኛ ምህጻር) የሚሉት ጭምር፣ ሥሩ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ድርጊቱ ላይ ብቻ ያፈጣል። ቁልፉ ያለው ግን ከፊቱና ከኋላው ነው። ልጆች እንዲህ የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ከአራት በአንዱ ምክንያት ነው። የሚፈልጉትን ለማግኘት፣ ከከበዳቸው ነገር ለማምለጥ፣ ሰው እንዲያያቸው፣ ወይም ስሜቱ ራሱ ስለሚያሳርፋቸው። ያው መንከስ ጠዋት ለማምለጥ፣ ማታ ታብሌት ለማስመለስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ልጄ ይነክሳል፣ ምን ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ መልስ የለውም። መጀመሪያ ለምን እንደሚነክስ ማወቅ ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪም ይየው። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ጥርሱን ያመመው፣ ጆሮው የቆሰለ፣ ሆዱ የደረቀበት፣ ሌሊት የማይተኛ ልጅ «አመመኝ» የሚልበት ቃል ከሌለው ራሱን ይመታል። አንዲት ልጅ ለወራት አገጭዋን ስትመታ ኖረች። እኛ የምታገኘውን ትኩረት ስንቆጥር ነበር። የጥርስ ሐኪም አያትና የተበላሸ የመንጋጋ ጥርስ ተገኘ። ከታከመች በኋላ ያ መምታት በሳምንት ውስጥ ጠፋ። የእርስዎም ልጅ ድርጊቱ በድንገት የጀመረ ወይም በአጭር ጊዜ የባሰ ከሆነ፣ ወይም ታብሌት በሌለበትም የሚያደርገው ከሆነ መጀመሪያ ሕመም ይፈለግ። ራሱን አጋጭቶ ካስታወከ፣ ከደነዘዘ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሐኪሙ ደህና ነው ካለ፣ እኔ ብሆን በዚህ እጀምር ነበር።

ታብሌት መስጠት ማለት ማጣት እንዳልሆነ ይማር። ቪዲዮ ሲያይ አጠገቡ ይቀመጡ፣ ፊቱ ይሁኑ እንጂ ከጀርባው አይምጡ። መዳፍዎን ይዘርጉ። «ስጠኝ» ይበሉት፣ እጁንም ቀስ ብለው ይርዱት። ታብሌቱን ተቀብለው አምስት ብለው ይቁጠሩና «ጎበዝ፣ ሰጠኸኝ!» ብለው ይመልሱለት። አዎ፣ ይመልሱለት። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ያድርጉት። ሳይጮህ መስጠት ሲለምድ አምስቱን ወደ አሥር፣ አሥሩን ወደ ሠላሳ ያሳድጉ። ከዚያ አንድ ደቂቃ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚይዘው ሌላ የሚወደው ነገር ይኑር። መጨረሻውን ደግሞ ቪዲዮው መሐል ላይ አያድርጉት፤ ሲያልቅ ያድርጉት። የሚቀንስ ጊዜ የሚያሳይ ሰዓት ወይም የአሸዋ ሰዓት ፊቱ ያስቀምጡ። እሱን በዓይኑ ያየዋል። «ከአምስት ደቂቃ በኋላ» የሚለውን ግን አያየውም።

ሁለተኛው ሥራ ካርድ ነው። በ1985 ካርና ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች የሚረብሽ ባህሪን በመግባቢያ መተካት እንደሚቻል አሳዩ። ሥራ የከበደው ልጅ «እርዱኝ» ማለት ሲማር መረበሹ ቀነሰ። ለልጅዎ አንዲት ካርድ ይሥሩ። ታብሌቱ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፍባት። ትርጉሟ «ትንሽ ጨምሩልኝ» ይሁን። ታብሌቱ ሊወሰድ ሲል ካርዷን እንዲሰጥዎት ሁለተኛ ሰው ከኋላው ሆኖ እጁን ይምራው። ካርዷ እጅዎ እንደገባች፣ ያኔውኑ፣ አንድ ደቂቃ ይጨምሩለት። መጀመሪያ ላይ ካርዷ ሁሌም ትሥራ። «አሁንማ አበዛው» የሚያስብል ጊዜ ይመጣል። ደስ ይበልዎት፣ ልጅዎ መጠየቅ ጀመረ ማለት ነው። መጠበቅን ቀስ ብሎ ማስተማር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንከስ ከካርድ የበለጠ ፈጣን ሆኖ ከቀረ ልጁ ወደ መንከስ ይመለሳል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንን ነው የማደርገው።

ብዙ ወላጅ «ካርድ ከለመደ መናገር ይተዋል» ብሎ ይፈራል። አይተውም። የታየው፣ ካርድና ሌላ መግባቢያ ንግግርን እንደማያግድ ነው፤ አንዳንዶቹ ልጆች እንዲያውም በካርዱ ላይ ድምፅ ይጨምራሉ። ደግሞ ቃል ባይመጣስ? ጥሙንና ሕመሙን የሚናገርበት መንገድ ያለው ልጅ ነው የሚኖርዎት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ሲጮህ ዝም በሉት» የሚለውን ምክር ሰምተው ይሆናል። ዝም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከመቀነሱ በፊት ይብሳል። ጩኸት ሲሠራለት የኖረ ልጅ ሳይሠራ ሲቀር ይበልጥ ይጮኻል። ትንሽ ጩኸት ከሆነ ይህን መቻል ይቻላል። ራሱን የሚያጋጭ ልጅን ግን ዝም ብሎ ማየት አይገባም። ትራስ ወይም መዳፍዎን በራሱና በግድግዳው መካከል ያስገቡ። ንግግር ይቀንሱ፣ ብርሃኑን ያደብዝዙ፣ ሌሎች ልጆችን ያውጡ። ያኔ አስተምረዋለሁ አይበሉ። ማስተማሪያው ሰዓት ሲረጋጋ ነው።

እጁን ማርገብገቡን ይተዉለት። ማንን ጎዳ? እሱ ደስ ሲለው፣ ሲጨንቀው፣ ሐሳቡን ሲሰበስብ የሚያደርገው ነው። ሥራ ስጀምር እኔም «እጅ ጠረጴዛ ላይ!» እያልኩ የልጆች እጅ እይዝ ነበር። እንደዚያ ነበር የተማርኩት። አንድ ልጅ እጁን ስይዘው ዓይኑ ሄዶ ግድግዳው ላይ ሲቀር ትዝ ይለኛል። እጁ ጸጥ አለ፣ እሱም አብሮ ጸጥ አለ። መዝገብ ላይ «መሻሻል» ብዬ ጻፍኩ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ዛሬ ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ራሳቸው ይናገራሉ፤ ተፈጥሯቸውን ደብቀው ለመኖር የከፈሉት ዋጋ ከባድ እንደነበር ይነግሩናል። ማዕከሉ መጀመሪያ የመረጠው ዒላማ ልጁን ሌላ ሰው ለማስመሰል ከሆነ፣ ዒላማው የማን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ልጁ ውሃ መጠየቅ ሳይችል እጁን የሚያሳርፍለት ሕክምና ቅደም ተከተሉን ስቷል።

አሁን ባለቤትዎ። እሳቸውን አልኮንናቸውም። እንዲያውም ያዩት ነገር አለ፤ ከድርጊቱ በኋላ የሚመጣው ነገር ለውጥ እንደሚያመጣ ገብቷቸዋል። ስህተቱ መድኃኒቱ ላይ ነው። ቅጣት «አታድርግ» ይላል፣ ምን እንደሚደረግ ግን አይነግርም። ይህ ልጅ ደግሞ ያጣው በትክክል ያንን ነው። ተመቶ ዝም ያለ ልጅ ታብሌት መጠየቅ አልተማረም፤ ሰው መፍራት ተማረ። ባለቤትዎን «አትቅጣው» ብለው ከሚከራከሩ፣ ካርዷን ሲሰጥ ከኋላ ሆኖ እጁን የሚመራው ሰው እሳቸው ይሁኑ። ለዚያ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ልጁ መጀመሪያ ጊዜ ካርዷን በራሱ ሲያቀብል አጠገቡ የነበረ አባት ከዚያ በኋላ ስለ ቅጣት ሲያወራ ብዙም አልሰማሁም።

ወላጅ ሲሠራው ይሠራል ወይ ካሉኝ፣ ይሠራል። በ2015 ይፋ በሆነ ጥናት ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 የሆኑ 180 ልጆች ወላጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ለ24 ሳምንት ከላይ የነገርኩዎትን ዓይነት ዘዴ በተግባር ተማሩ፤ ገሚሱ ስለ ኦቲዝም እውቀት ብቻ አገኙ። ዘዴውን የተማሩት ወላጆች በሰጡት ግምት የልጆቻቸው ቁጣና ረብሻ 48 በመቶ ያህል ቀነሰ። በሌሎቹ 32 በመቶ ያህል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና አለው። ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው። ልዩ ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ እንዲሰጠው ታስቦ የተሠራ ነው። እርስዎ ባሉበት የሚሰጠው ሰው ካለ ያጠያይቁ። አቅም የለንም ላሉት ከ40 ሰዓቱ ይልቅ ይህ ይቀርባል።

ስለ ጉርምስናው። ፍርሃትዎ ይገባኛል፣ ሰውነቱ ያድጋል፣ ጉልበቱም ያድጋል። ለዚያ ነው ካርዱን በ13 ሳይሆን በ7 ዓመቱ የምንሠራው። ግን ሌሎችም አሁን የሚጀመሩ ነገሮች አሉ። መታጠቢያ ቤት ሲገባ በር ይዝጋ። ልብሱን ክፍሉ ውስጥ ይቀይር። የሰውነቱን ክፍሎች ሁሉ ስማቸውን ይወቅ፣ በቃል ካልሆነ በሥዕል። ይህን በ7 ዓመቱ የለመደ ልጅ በ14 ዓመቱ አይቸገርም፤ በ14 ዓመቱ አዲስ ሕግ ማስተማር ግን እጅግ ከባድ ነው።

እና «እምቢ» ማለት ይማር። ይህን ብዙ ማዕከል ይዘለዋል። ለማንኛውም አዋቂ ትእዛዝ እሺ እንዲል የሠለጠነ ልጅ ክፉ ሰው ሲነካውም እሺ ይላል። የ«አልፈልግም» ካርድ ይኑረው፤ በቀን ውስጥ ካርዷ የምትከበርለት ብዙ ቦታ ይኑር። ጥርስ መቦረሽ የግድ ነው፣ የትኛውን ሸሚዝ ይልበስ ግን የእሱ ይሁን።

ንግግር ያላቸው ጎረምሶች ጉዳይ ለየት ይላል። እነሱ ላይ የምናየው ጭንቀት፣ ብቸኝነት፣ ጓደኛ ማጣት ነው። ለእነሱ ከኦቲዝም ጋር እንዲስማማ የተስተካከለ የአስተሳሰብና ባህሪ ሕክምና ጭንቀትን እንደሚቀንስ ታይቷል። ወላጅና ልጅ ጎን ለጎን የሚማሩበት የጓደኝነት ሥልጠናም አለ። የልጅዎ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ ያኔ ይታያል። በዚህ ዕድሜ አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ካላቸው ልጆች አንዳንዶቹ ላይ በጉርምስና ይጀምራል። ድንገት መፍዘዝ ወይም መንቀጥቀጥ ካዩ «ባህሪ ነው» ብለው አይለፉት።

መድኃኒት አልጠየቁኝም፣ ግን አንድ ቀን ይነሳል። ሪስፔሪዶንና አሪፒፕራዞል በአሜሪካ በ2006 እና በ2009 የተፈቀዱት ከኦቲዝም ጋር ለሚመጣ ከባድ ቁጣና ራስን መጉዳት ነው። ኦቲዝምን ራሱን አያክሙም። ክብደት ይጨምራሉ፣ የሐኪም ክትትል ይፈልጋሉ። ከላይ ያልኩት ሁሉ በትክክል ተሞክሮ ልጁ አሁንም እየተጎዳ ከሆነ ከሐኪም ጋር መመካከር ነውር የለበትም።

ለዛሬ ማታ አንድ ደብተር ያውጡ። ገጹን ለሦስት ይክፈሉት፤ ከፊቱ ምን ሆነ፣ ምን አደረገ፣ ከኋላው ምን መጣ። ሰዓቱንም ይጻፉ። ለሁለት ሳምንት፣ እርስዎም ባለቤትዎም፣ ሳትተራረሙ ያያችሁትን ጻፉ። «ተናደደ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ግራ እጁን ነከሰ፣ ሁለት ደቂቃ ቆየ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ይዛችሁ ወደዚያው ማዕከል ወይም ወደ ሌላ ሂዱ። ገጾቹን አገላብጦ፣ ልጁን አይቶ፣ «ለምን እንደሚነክስ አብረን እንፈልግ» የሚላችሁ ባለሙያ ካገኛችሁ በሳምንት አምስት ሰዓትም ቢሆን ከእሱ ጋር ጀምሩ። ሥራውን እናንተ ክፍሉ ውስጥ ሆናችሁ እንድትመለከቱ የማይፈቅድ ከሆነ ግን ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ።